አንገቱ ያልወጣ ሸሚዝ

መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሽ ነው። የወደቀችብኝን መርፌ ፍለጋ ማሽኑ ሥር ተንበርክኬ ነበር። በሩ ላይ የሰቀልኳቸው የሕፃናት ቀሚሶች ውጪውን ስለሚጋርዱብኝ ማን እንደመጣ አይታየኝም። የሚሰማኝ ከባድ ነገር ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው አተነፋፈስ ብቻ ነው፤ ሳብ፣ ቆም፣ ሳብ። ከዚያ የኮንቴይነሩ ቆርቆሮ በቀለበት ተንኳኳ።

"ቤቶች! ውሃ ነው!"

"ቆጣሪ የለኝም እህቴ፣ ጀሪካን ነው ያለኝ" አልኩ ከማሽኑ ሥር ሆኜ።

"እሱንማ አውቃለሁ። ዛሬ ቆጣሪ ላነብ አልመጣሁም።"

ቀና ስል ጭንቅላቴን ከማሽኑ ጋር አጋጨሁና ሳላያት በፊት ሳቀችብኝ። ቀሚሶቹ ገለጥ ሲሉ ቀድሞ የገባው ሆዷ ነው፤ እሷ ከኋላው ገባች። ፅጌረዳ ነበረች። የሰፈራችንን የውሃ ቆጣሪ የምታነበው እሷ ናት፤ ሀና ማርያም ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፣ ሁሉም "ውሃ" ነው የሚላት። የማታውቀው ግቢ፣ የማያውቃት ውሻ የለም። እርጉዝ መሆኗን ከሩቅ አይቼ አውቅ ነበር እንጂ ሆዷ እንዲህ መግፋቱን አላስተዋልኩም።

ወንበሬን ለቅቄላት ጨርቅ ላይ ተቀመጥኩ።

ሥራ ቤቴ ከታክሲ ተራው ወደ ታች በሚወስደው ኮብልስቶን ዳር ያለ ኮንቴይነር ነው። ግማሹ የእኔ ነው፤ ግማሹ የኑረዲን ሱቅ። መሐላችን ያለው አንድ ስስ ቺፑድ ስለሆነ እሱ ሲያስነጥስ እኔ "ይማርህ" እላለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥቡ አልመጣልኝ ሲል፣ እናቴ ትታልኝ ያለፈችው በእግር የሚሠራ ማሽን ላይ ተቀመጥኩ፤ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። የምሰፋው የአራሶችንና የትንንሽ ልጆችን ልብስ ብቻ ነው። የአዋቂ ልብስ የሚሰፋ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቅ ይውላል፤ እዚህ ጋ ጠበበኝ፣ እዚህ ጋ ተነፋብኝ። እኔ ደግሞ ሰው ብዙ አይሆንልኝም። ገና ያልመጣ ሰው ይሻለኛል። ጣት የማታህል እጅጌ ይዤ፣ በዚህች ውስጥ የምታልፈው እጅ አንድ ቀን ምን ትጨብጥ ይሆን እያልኩ እቀመጣለሁ። የመኪና መሪ? የሰው እጅ? ሻይ እስኪቀዘቅዝ፣ አንዳንዴም ደንበኛ ተናዶ እስኪሄድ እንደዚያ ነኝ።

በዚህ ሐሳቤ ብዙ ጉድ ሠርቻለሁ። ሁለቱም እጅጌው የግራ የሆነ ጃኬት ሰፍቻለሁ። አንዴ የልጅ ሱሪ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ገጥሜ ሸጬ፣ እናትየዋ በነጋታው ይዛው መጣችና "ልጄ ዓሣ ነው እንዴ?" ብላ ተራው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸችብኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ የታክሲ ረዳቶቹ ሳልፍ "ዓሣው!" ነው የሚሉኝ። ፅጌረዳም ይህን ሰምታለች፤ የማትሰማው ነገር የለም።

"አምሐ፣ ልብስ ልታሰፋልኝ ፈልጌ... ኧረ ልትሰፋልኝ" አለችና በራሷ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

"ለሚመጣው?" አልኳት።

"እሽሽ!" አለች ቺፑዱን እያየች። "ጮክ አትበል። እናቴ ብትሰማ ትገድለኛለች።"

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ሁለት ጊዜ አርግዛ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከሐኪም ቤት ባዶ እጇን ተመልሳለች። ሁለቱንም ጊዜ ሻንጣ ሙሉ ልብስ ገዝታ ጠብቃ ነበር። አሁን አብረዋት የሚኖሩት እናቷ ተቆጥተዋል፤ ሳይወለድ አንዲት ካልሲ እንኳ በዚህ በር አትገባም ብለዋል። ባሏ ላቀውም ከእናቷ ጋር ነው። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ በስልክ ሳይቀር "ምንም አትግዢ፣ እሺ?" ይላታል።

"ታዲያ እነሱ እንዲህ ካሉ..." አልኩ።

"ታዲያ ምን?" አለች። "ልጄ በመጣ ቀን በተውሶ ጨርቅ ሊጠቀለል ነው? የሚመጣ ሰው አለኝ አምሐ፤ እንደማይመጣ አድርጌ ልጠብቀው?"

መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

"አስቤበታለሁ" አለች። "ትሰፋልኛለህ፤ ግን አትጨርሰውም። አንገቱን አታውጣ።"

"አንገት ሳይወጣ?"

"አዎ። ልጅ ሆኜ እናቴ ሣጥን ውስጥ አንዲት ነጭ ሸሚዝ አይቻለሁ፣ ይቺን የምታህል። እጅጌ አላት፣ ጠርዟ ተቀምቅሟል፣ ሁሉ ነገር አላት። አንገት ግን የላትም። ለአሻንጉሊቴ ላለብስ ብል ራሱ በየት ይውጣ! 'እማዬ፣ ይሄ ለምን አንገት የለውም?' ስላት፣ 'ገና ስለሆነ ነው' አለችኝና ቀምታኝ ቆለፈችበት።" ትከሻዋን ሰበቀች። "መርሐቤቴ ነው የተወለደችው፣ ያገሯ ልማድ መሆን አለበት። እኔ ብቸኛ ልጇ ነኝ፤ ለእኔ ሰፍታ የረሳችው ይሆናል። ብቻ ነገሩ ገብቶኛል። አንገት የሌለው ነገር ልብስ ነው?"

"አይደለም።"

"ጨርቅ ነው። ጨርቅ ደግሞ የማንም ቤት አለ። እናቴን አልዋሸሁም፣ ልጄንም ባዶ እጄን አልጠበቅሁትም።"

እንዲህ ተስማማን። ልብሶቹ እኔ ጋ ይቀመጣሉ። እሷ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ ብቅ እያለች ታያቸዋለች። ልጁ በደህና ሲመጣ ሰው ትልካለች፤ ያን ጊዜ አንገታቸውን አወጣለሁ። እስከዚያ ለማንም፣ ለኑረዲን እንኳ፣ አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ አደራ አለችኝ።

የአራስ ልብስ አንገት የማወጣው በሻይ ብርጭቆ ነው። ጨርቁ ላይ የብርጭቆውን አፍ እደፋና ዙሪያውን ባለቀ ሳሙና ስባሪ አሰምራለሁ፣ ከዚያ መቀሱ ይዞራል። ፊት ለፊት ትንሽ ስንጥቅ እጨምርለታለሁ፣ የሕፃን ራስ ከአንገቱ ስለሚተልቅ። ብርጭቆው የኑረዲን ነው፤ ሻይ ጠጥቼበት ሳልመልስለት ቀርቼ የሥራ ዕቃ ሆነ። የፅጌረዳን ልብሶች ስሰፋ ግን ብርጭቆውን መደርደሪያው ላይ ሰቀልኩት። እጄ በልማድ ወደ እሱ ሲሄድ እየመለስኩት ሠራሁ።

አቡጀዲውን ደጋግሜ አጥቤ እስኪለሰልስ ከቆየሁ በኋላ ነው የቆረጥኩት። የልጁ ገላ እንዳይፋቅ ስፌቱን ወደ ውጪ አዞርኩት። አንዱን በቢጫ ፍላኔል፣ አንዱን በነጭ፣ አንዱን በሰማያዊ ነጠብጣብ ሰፋሁ። እጅጌና ጠርዝ እያላቸው ከላይ ዝግ ሆነው ሲሰቀሉ፣ ዓይናቸውን የጨፈኑ ነው የሚመስሉኝ። ከኋላ፣ ጥቅል ጨርቆቹ ከሚቆሙበት ጥግ ሸሸግኳቸው።

ሐሙስ ሲደርስ ያ ትንፋሽ ከዳገቱ ይሰማል። ገብታ ትቀመጣለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ እጇን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ከዚያ አንድ በአንድ አወጣላታለሁ። ሁለት ጣቶቿን እጅጌው ውስጥ አስገብታ እንደ ክንድ ታንቀሳቅሳቸዋለች።

"ይሄ ለክትባት ነው" ትላለች። "ሰማያዊው ደግሞ ላቀው ከመንገድ ሲመጣ። ቢጫው..."

"ቢጫው ለምንድን ነው?"

"ቢጫው ለምንም አይደለም። ቢጫው ዝም ብሎ ማክሰኞ ነው። ምንም የማይደረግበት ቀን፤ ልጅ ተኝቶ፣ ልብስ ታጥቦ፣ አለቀ።"

አንድ ቀን ደግሞ እንዲህ አለችኝ፤ "ታውቃለህ፣ ግቢ ስገባ ከቆጣሪው በፊት የማየው የልብስ ገመዱን ነው። ትንንሽ ነገር ተሰጥቶ ካየሁ ያን ቀን ውሻም ቢነክሰኝ ግድ አይሰጠኝም።"

"ውሻ ነክሶሽ ያውቃል?"

"እኔን? ውሾቹ እኮ ወሬ ሁሉ ይነግሩኛል!"

አስቃኝ ሄደች። ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ ጥጉን ታያለች፣ ተኝቶ የተወችው ሰው ያለ ይመስል። መጨረሻ ያየኋት ቀን የቀራት አንድ ወር ብቻ ነበር።

ከዚያ ሐሙስ ቀጥሎ በመጣው ማክሰኞ ቁልፍና ላስቲክ ልገዛ መርካቶ ሄድኩ። ቤቱን እንደ ሁልጊዜው ለኑረዲን ነበር የተውኩት፤ ደንበኛ ከመጣ ይሸጥልኛል። ስመለስ ወንበሬ ላይ ተንደላቆ አገኘሁት። ፊቱ እንደ በዓል ቀን በርቷል። ማሽኑ ላይ ብርጭቆው፣ ሳሙናው፣ መቀሱ ተዘርግተዋል።

"ና እስቲ የኔ ዲዛይነር! ና! ምን ትጋብዘኛለህ?"

"ምን ተገኘ ኑሬ?"

"አንተ ጎረቤት ባይሰጥህ ምን ይውጥህ ነበር? ዓሣው አይበቃም፣ ደግሞ ራስ የሌለው ልጅ ልታለብስ ነው? አንዲት ሴትዮ የልጅ ኮፍያ አለች፤ ኮፍያ ስፈልግ እዚያ ጥግ ገባሁ። ሳይ አንገት የላቸውም! አንዱን አነሳሁ፣ የለውም! ሌላውን አነሳሁ፣ የለውም! ሁሉንም እኮ ነው ረስተህ የሰቀልካቸው! ወላሂ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ አልኩ፤ ልጁ ሐሳበኛ ነው፣ ከምስቅበት ልርዳው። አንተ ስትሠራ ስንቴ አይቻለሁ! በራሴ ብርጭቆ ለክቼ፣ እየው፣ እየው እንዴት እንደዞረ..."

ቢጫውን ሸሚዝ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ዘረጋው። በአንገቱ ቀዳዳ በኩል ፊቱን አየሁት፤ እየሳቀ ነበር።

"ስንቱን?" አልኩ።

"አንዱን ነዋ። ሁለተኛውን ልጀምር ስል መጣህ። ምነው? ጠመመ እንዴ?"

የገዛሁት ቁልፍ ከነፌስታሉ ከእጄ ወደቀ። አደራውን መብላት ግድ ሆነብኝና ነገርኩት። ሁሉንም፤ ሁለቱን ልጆች፣ ሻንጣዎቹን፣ ለምን ዝግ እንደሆኑ። እየነገርኩት ቢጫዋን ሸሚዝ ዝቅ፣ ዝቅ እያደረጋት ሄዶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣት።

"ውሃ? የእኛ ውሃ?"

"አዎ።"

"ለምን አልነገርከኝም አንተ ልጅ?"

"አደራ ብላኝ ነበር።"

"አደራ..." አለ። ተነሥቶ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠ፣ ወንበሬ የማይገባው ይመስል። "የእኔም ባለቤት ሁለቱን እስክትገላገል ቤታችን አንዲት ክር አልገባም። አንዲት ክር! እኔ ነኝ በዚህ በገዛ እጄ..." እጁን አየው።

"አታውቅም ነበር።"

"እጄማ አያውቅም። ዕድል ግን አላወቀም ነበር ብሎ ይተዋል?"

ተቆርጣ የወጣችውን ክብ ጨርቅ ፍለጋ ሁለታችንም በጉልበታችን ሄድን። ከማሽኑ ሥር የለችም፣ ከቁርጥራጩ መሐል የለችም። በመጨረሻ የኑረዲን ጫማ ሶል ላይ ተለጥፋ አገኘናት። አጠብኳት፣ በካውያ ተኮስኳት፣ በቦታዋ መልሼ በእጄ ሰፋኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደቃቅ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም። ኑረዲን ክሩን እየያዘልኝ ትንፋሹን እንኳ ቀንሶ ነበር።

"አይታወቅም" አለ ስጨርስ።

"ይታወቃል።"

ደግሞ አየውና "አዎ፣ ይታወቃል" አለ። ክቧ ከደረቱ በላይ እንደ ጨረቃ ወጥታለች።

በነጋታው ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ሰማሁት። እንደወትሮው "ዓሣው፣ አደርክ?" አላለኝም። ሬዲዮውንም አልከፈተም። ብዙ ቆይቶ ድምፁ በቺፑዱ በኩል መጣ።

"አምሐ።"

"አቤት።"

"ዛሬ ቆጣሪ የምታነበው ሌላ ልጅ ናት።"

እግሬ ፔዳሉ ላይ ቆመ።

"ጠየቅኋት። ትናንት አመሻሽ ላይ አሟት ሐኪም ቤት ወስደዋታል አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አታውቅም። ወሯ አልነበረም፣ አይደል?"

"አልነበረም።"

ፊቴን እያየ ሊነግረኝ እንዳልቻለ ገባኝ። እኔም ዞሬ ወደ እሱ ልሄድ አልቻልኩም። በቺፑዱ ወዲያና ወዲህ ተቀመጥን።

ስልኳ ዝግ ነው። መካኒሳ እንደምትኖር እናውቃለን፣ የትኛው ቤት እንደሆነ ግን እኔም ኑረዲንም አናውቅም። የሁላችንን ቤት የምታውቀው እሷ እንጂ የእሷን ቤት የሚያውቅ አልነበረም። ሥራ ልሥራ ብዬ እቀመጣለሁ፤ ክር ያልገባበት መርፌ ጨርቁን ሲወጋ ቆይቶ ነው የማስተውለው። ያን ሁሉ ያልመጣ ሰው ሳስብ የኖርኩ ልጅ፣ ይሄኛውን ላስበው ስል እምቢ አለኝ። እጁን እንኳ ማየት አልቻልኩም።

ሐሙስ ደረሰ። በሰዓቷ ልብሶቹን አውጥቼ ማሽኑ ላይ ዘረጋኋቸው። ከዳገቱ ምንም አልተሰማም። መልሼ አጠፍኳቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናብ ይጥል ነበር። ቀሚሶቹ ገለጥ አሉና አንዲት እናት ዣንጥላቸውን እያጠፉ ገቡ። ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን አጥብቀው ያጣፉ ናቸው። ዓይናቸውን ሳየው ማንነታቸውን መጠየቅ አላስፈለገኝም።

"አምሐ የምትባለው አንተ ነህ?"

"አዎ እማማ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።"

"ተሾመች እባላለሁ። የፅጌረዳ እናት ነኝ።"

ተቀመጡ። ዣንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ይዞ የመጣ ሰው እንዲህ ነው፤ ገብቶ ይቀመጣል፣ ዙሪያውን ያያል፣ አይቸኩልም። የተሰቀሉትን ቀሚሶች አዩ፣ ማሽኑን አዩ፣ እኔን አዩ። በቺፑዱ ወዲያ ኑረዲን ስኳር ይመዝን ነበር፤ የሚዛኑ ድምፅ ቆመ።

"እጅህን ታጠብ" አሉኝ።

"እ?"

"እጅህን ታጠብ ነው የምልህ! የአራስ ልጅ ልብስ በዚህ እጅህ ልትነካ ነው?"

"አልሐምዱሊላህ!" የሚል ጩኸት ቺፑዱን አናጋው፤ የሆነ ነገርም ወደቀ፣ ስኳሩ መሰለኝ።

እማማ ተሾመች ግድግዳውን አዩ። "ይሄ ግድግዳህ ሙስሊም ነው?"

"ጎረቤቴ ነው እማማ። እሷስ? ፅጌስ?"

"ደህና ናት። ተኝታለች። ወንድ ነው" አሉ፣ የሽንኩርት ዋጋ እንደሚነግር ሰው። "ትንሽ ነው። ከወሩ ቀደመና ሙቀት ክፍል አስገብተውት ነበር፤ ትናንት አወጡት። ሲያለቅስ ግን ትልቅ ነው።" አሁን ከንፈራቸው ጥግ ላይ ትንሽ ነገር ተንቀሳቀሰ። "ምጥ ላይ ሆና ነው የነገረችኝ፤ 'እማዬ፣ ሀና ማርያም የተሰፋ ልብስ አለኝ፣ አትቆጪኝ' አለች። በዚያ ሰዓት ማን ይቆጣል?"

"አልተቆጧትም?"

"ተቆጣኋት እንጂ።"

ከጀሪካኑ ቀድቼ በሳሙና ታጠብኩ፤ እስኪበቃቸው አዩኝ። ብርጭቆውን አወረድኩ። ነጩን ዘረጋሁ፣ አሰመርኩ፣ መቀሱን አዞርኩ። ክቧ ወደቀች። ሰማያዊውን ደገምኩ። ያን ሁሉ ሳምንት ዓይናቸውን ጨፍነው የነበሩት አንድ በአንድ ገለጡ። እማማ ተሾመች የወደቁትን ክቦች ከወለሉ እየለቀሙ በመሐረባቸው ቋጠሩ።

"ቢጫ አለ ብላኛለች" አሉ።

ሸሽጌው ነበር። ሌላ ልስፋ፣ ነገ ላምጣው ልላቸው አሰብኩ። ግን ቀጥ ብለው እያዩኝ ነው። አወጣሁና ሰጠኋቸው።

ጣታቸው ወዲያው ክቧን አገኛት። ደቃቁን ስፌት ዙሪያውን ተከተሉት፤ ዞረው የጀመሩበት ላይ ቆሙ።

"ይሄ ተከፍቶ ነበር።"

"አዎ እማማ።"

"መቼ?"

ኑረዲን እጁ ላይ ስኳር እንደተለጠፈ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "እኔ ነኝ እማማ" አለ። "እሱ የለበትም። ረስቶ መስሎኝ እኔ ነኝ የከፈትኩት። ማክሰኞ ከሰዓት።"

"ማክሰኞ" አሉ። "ማክሰኞ አመሻሽ ነው ያመማት።"

"አውቀናል" አለ ኑረዲን። "ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልተኛሁም እማማ። ይቆጡኝ።"

አልተቆጡም። ሸሚዙን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው፣ ከደረታቸው ሥር አንዲት የታጠፈች ነገር አወጡና ማሽኑ ላይ ዘረጓት። ሸሚዝ ናት። አንድ ጊዜ ነጭ ነበረች፤ አሁን የቅቤ መልክ አላት። በእጅ የተሰፋች ናት፤ ያን ያህል ደቃቅ ስፌት እኔ ቢጫው ላይ ብቻ ነው የሞከርኩት። እጅጌ አላት፣ ጠርዟ ተቀምቅሟል። አንገት የላትም።

"ይቺ እንደተዘጋች ነው የኖረችው" አሉ። "ማንም አልከፈታትም። እኔም አልከፈትኳትም። ከፅጌረዳ በፊት የነበረው ልጄ ግን አልቀረልኝም።"

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ በረታ። ኑረዲን መሬት መሬቱን አየ። ማክሰኞን እያሰብኩ የተሸከምኩት ነገር ከትከሻዬ ወርዶ፣ እዚያች ማሽን ላይ፣ ከዚያች ትንሽ ሸሚዝ አጠገብ የተቀመጠ መሰለኝ።

"ቢጫውን ፍታው" አሉ። የመርፌ ጫፍ ይዤ ስፌቱን አንድ በአንድ ለቀምኩት፤ ጨረቃዋ ወጣች። እሷንም መሐረባቸው ውስጥ ከተቱ።

ከዚያ አሮጌዋን ሸሚዝ በጣታቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጓት።

"ይቺንም ክፈታት።"

ብርጭቆውን አነሳሁ።

"በብርጭቆ አይደለም" አሉና ቀኝ እጃቸውን ጨብጠው ጨርቋ ላይ አሳረፉ። "እናቴ በዚህ ነበር የምትለካው።"

በጭብጣቸው ዙሪያ ሳሙናውን አስኬድኩ። እጃቸው ሞቃት ነበር፣ ጅማቱ ይሰማል። ሲያነሱት ከብርጭቆዬ ሰፋ ያለ፣ ትንሽ ጠመም ያለ ክብ ቀረ። መቀሱን ሳስገባ አሮጌው ጨርቅ እንደ ደረቅ ቅጠል ድምፅ አሰማ። ቀስ ብዬ፣ እንዳይተረተርብኝ እየሰጋሁ ዞርኩት።

ሸሚዟን ተቀበሉኝ። እጃቸውን ከታች አስገብተው በአንገቷ በኩል አወጡት። ጣቶቻቸውን ዘረጉ፣ አጠፉ፣ ደግመው ዘረጉ።

አዳዲሶቹን ልብሶች አጣጥፌ ፌስታል ውስጥ አደረግሁላቸው። ቢጫውን ከላይ አስቀመጥኩት።

"እማማ" አልኩ፣ "ይቺንስ ከእነሱ ጋር ላድርጋት? ለሕፃኑ ናት?"

ፌስታሉን ተቀበሉኝ። አሮጌዋን ሸሚዝ ግን ሳይሰጡኝ አጥፈው በነጠላቸው ሥር፣ ከነበረችበት መለሷት። ተነሡ። ኑረዲን መንገድ ለቀቀላቸው። በሩ ላይ ቀሚሶቹ ራሳቸውን ዳበሷቸው።

"መካኒሳ! መካኒሳ! እማማ፣ መካኒሳ ነዎት?" አላቸው ረዳቱ ከላይ።

ወደ ታክሲው አልዞሩም። ዣንጥላቸውን ሳይዘረጉ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ቁልቁል ወረዱ።